ጎሚስታው የበሳው ግድግዳ

በእኛ ሰፈር፣ በደብረ ብርሃን፣ ሰው በሰው ላይ ሊያማርር አፉን ሲከፍት የምትወረወርበት አንዲት አባባል አለች። ሽንኩርት ሻጯም ትላታለች፣ ባጃጅ ነጂውም ይላታል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ትናንት የተዳረች ልጅ እኔኑ ፊት ለፊቴ ተረተችብኝ። አልተቆጣኋትም። "ልጄ፣ የምትተርቺው በባለቤቷ ላይ ነው፤ እሷ አባባል ከእኔ ግቢ ነው የወጣችው" አልኳትና አፏን አስያዝኳት። ሰው ሲያወራት ግማሹን ይቆርጣል፣ ግማሹን ይቀጥላል። የሞኝነቱ ባለቤት እኔ እያለሁ ሌላው ለምን ይደክማል?

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ይህን ግቢ ተወልኝ። ትልቁ ቤት አርጅቷል፤ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ በየስንጥቁ ነፋስ ይገባል። ስለዚህ ለኪራይ የምትሆን አንዲት ክፍል ከጀርባ አሠራሁ። ጭቃውን ያስቦካሁት እኔ፣ ጭዱን የለካሁት እኔ፣ ምርጊቱን ከጎረቤቴ ከጥሩወርቅ ጋር በገዛ መዳፌ የለሰንኩት እኔ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግድግዳ እንዴት እንደሚመረግ ግን ፊደል የቆጠረው ሁሉ መጥቶ ይጠይቀኝ። መስኮት አላወጣሁላትም። የእኛ አገር ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል፤ ነፋስ የመታው ሰው ደግሞ አንገቱ ዞሮ ይቀራል፤ መስኮት ለምኔ? ኮርኒስ አስወጠርኩ፣ ከበሩ ሥር የሚጎዘጎዝ ጨርቅ ሰፋሁ። ጉንዳን እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነበር የሚገባው።

ምን ዋጋ አለው፣ ተከራይ አይበረክትላትም። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቀመጡና ክረምቱ ሲጠና ውልቅ ይላሉ። "እማማ፣ ቤቱ ይከብዳል" ይሉኛል። "የከበደው ኪራዩ ነው" እላቸዋለሁ። አንዷማ "ስተኛ አንዳች ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል" ብትለኝ ቄስ ጠርቼ ጸበል አስረጨሁ። ጸበሉም ተረጨ፣ እሷም ወጣች።

በኋላ ምንተስኖት መጣ። ከመናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው፤ እጁ ጥቁር፣ አፉ ቁጥብ። ይኸው ልጅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ። ቤቷ ሰው አገኘች ብዬ ተመጻደቅኩ። ሚስት ሊያገባ ነው ተብሎ በኅዳር ሲወጣ መርቄ ሸኘሁት።

ከዚያ ክፍሏን ላጸዳ ገባሁ። ልጄ ውድነሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ ለአራስነቷ ወደ እኔ ልትመጣ። ትልቁ ቤት ለአራስ አይሆንም፤ ያቺን ሙቅ ክፍል ነው ያሰብኩላት። ቀና ስል ምን ልይ! ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ የድስት ክዳን የሚያህል ቀዳዳ! ዙሪያውን በሲሚንቶ አሳምሮ፣ ዝንብ እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ ወጥሮበታል። በአጥሩ በኩል ስለሆነ ከውጭ አይቼው አላውቅም። ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

"አንተ ምንተስኖት! ቤቴን ምን አደረግኸው?"

ጎማውን አስቀምጦ ተነሣ። "እማማ እታፈራሁ፣ ደህና ዋሉ? ስለ ቀዳዳዋ ነው? ሦስት ጊዜ ለምኜዎት እምቢ ስላሉኝ ነው እኮ። ከሰል ሳነድ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር።"

"የፈለጠህ አረቄው ነው!"

"እኔ አረቄ አልቀምስም።"

"እንግዲያው አለመቅመስህ ነው ያመመህ!" አልኩት። ስናደድ ምላሴ ለእኔም አይታዘዝ። "ሥራህ ቀዳዳ መድፈን፤ የእኔን ግድግዳ ሲሆን ትበሳለህ? ነገ መጥተህ ድፈን።"

የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

"እደፍነዋለሁ። ግን ውስጡ ከሰል እንዳይነድ።"

"ልጄን አራስ ላስተኛባት ነው! አራስ ያለ እሳት ልትተኛ?"

ይህን ጊዜ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ "ለአራስ ከሆነ አልደፍንም" አለ። "ቢከሱኝም አልደፍንም።"

በሌላ ሰው ማስደፈን አቅቶኝ አልነበረም። ግን የበሳው እጅ ይድፈነው አልኩ፤ እልህ ነው። ማመልከቻውን ጸሐፊ ጻፈልኝ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት፣ ለቀበሌያችን ማህበራዊ ፍርድ ቤት ሰጠሁ። የሰፈሩ ሰው የመረጣቸው ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ሰብሳቢው ጡረተኛው ጋሽ ሰብስቤ፣ አንዱ ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ አንዷ ጨርቅ ነጋዴ። ምንተስኖት ቀርቦ አንድም ነገር አልካደም። "በስቻለሁ፤ አልደፍንም" አለ።

"የካደ ቢሆን ይቀለን ነበር" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። "ማክሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ መጥተን ጉዳቱን እናያለን። ዓርብ እንፈርዳለን።"

እኔም፣ እንኳን መጣችሁልኝ አልኩ በልቤ። ቤቴ ሳትበሳ በፊት ምን እንደነበረች ቀምሰው ይፍረዱ! ውድነሽም ሐሙስ ልትገባ ነበር፤ ክፍሏ እንደተሰናዳች ቢያዩ ደግሞ ይበልጥ ያዝኑልኛል ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞ ማልጄ ተነሣሁ። ቀዳዳውን በድሪቶ ጠቀጠቅኩት፣ በላዩ ጣውላ መታሁበት። ትልቁን የከሰል ምድጃ አምጥቼ፣ ሌላ ጊዜ በእፍኝ የምቆጥረውን ከሰል በቁና ገለበጥኩበት። አልጋውን አነጠፍኩ፣ ነጩን ጋቢ ዘረጋሁ፣ ለሕፃኑ የሰፋኋትን ትንሽ ፍራሽ ከጎኑ አደረግኩ።

ዳኞቹ ውርጩ ሳይለቅ እጃቸውን እያፋተጉ መጡ። ሲገቡ ፊታቸው በራ።

"ውይ! ቤት ማለት ይኼ ነው" አለች ነጋዴዋ።

"ይህችን ነው ወንፊት ያደረገብኝ" አልኳት።

ጥሩወርቅ ምስክሬ ስለሆነች እስክትጠራ ደጅ ቀረች። ምንተስኖት ግን ከደጃፉ አላልፍም አለ። "እኔ እዚሁ ሆኜ እመልሳለሁ። በሩን ክፍት ያድርጉት፣ እማማ።"

"ተከሳሽ ደጅ ቆሞ ይከራከራል እንዴ? ፈርተህ ነው!"

ጋሽ ሰብስቤ ምድጃው ላይ እንዳጎነበሱ፣ "ተዪው፤ ድምፁ ይሰማል። ይልቅ ዝጊው፣ ብርዱን ሁሉ አስገባው" አሉ። ዘጋሁ። መወርወሪያውንም ሸጎርኩት። የሰፋኋትን ጨርቅ ከሥሩ ጎዘጎዝኩ።

ክሴን ከሥር ጀመርኩ። ጭዱ ከየት እንደመጣ፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደቦካ አንድ ሳላስቀር። አስተማሪው ይጽፋል። ክሴም ረዘመ፣ ከሰሉም ጋመ። ምንተስኖት ከደጅ፣ "ዳኞች፣ ራሳችሁን አላመማችሁም?" ይላል።

"ተራህን ጠብቅ!" ይሉታል ጋሽ ሰብስቤ።

ጥቂት ይቆይና፣ "ዳኞች፣ ኧረ በሩን!"

"ፍርድ ቤት መድፈር እንዳይሆንብህ!"

ከዚያ አስተማሪው ማዛጋት ጀመረ። ንግግሬ ሰልችቶት መስሎኝ ጠመድኩት። ብዕሩ ከእጁ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣ ሲል እዚያው ተቀመጠ። ነጋዴዋ ግንባሯን ይዛ፣ "ማቅለሽለሽ... ምን በላሁ እኔ?" ትላለች። ጋሽ ሰብስቤ የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለውም። እኔ ግን አላቆምኩም። "እስቲ ጉዳቱን ላሳያችሁ" ብዬ ወደ ግድግዳው ብድግ አልኩ። አንዳች ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠብኝ። የማስታውሰው የምድጃው ፍም ሁለት ሆኖ ሲታየኝ ነው።

የቀረውን ጥሩወርቅ ናት የነገረችኝ። ስወድቅ ድምፁን ሰማና ምንተስኖት በሩን በትከሻው መታው። መወርወሪያው ተገነጠለ፣ አንዱ ጣውላ ለሁለት ተሰነጠቀ። ትንፋሹን ይዞ ገባ፤ መጀመሪያ እኔን በብብቴ ጎትቶ አወጣ፣ ከዚያ አስተማሪውን፣ ከዚያ ሁለቱን። እሷ ውሃ ታፈስሳለች፣ እሱ ይመላለሳል።

ስነቃ ሣሩ ላይ ነኝ። ፀሐይ ወጥታለች። ሦስቱ ዳኞች እንደ ታጠበ ልብስ ግቢዬ ላይ ተሰጥተዋል። ቁርሴን ሁሉ አስመለስኩ። ጥሩወርቅ፣ "አይዞሽ እታፈራሁዬ፣ ሁላችሁም ተርፋችኋል" ትለኛለች። አንገቴን አዞርኩና በተሰበረው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ነጩ ጋቢ እንደተዘረጋ ነው። ያቺ ትንሽ ፍራሽ ከጎኑ ናት።

ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ልትገባ ነበር። በዚያች በር፣ በዚያ ከሰል፣ በዚያች ቀዳዳ በሌላት ግድግዳ፣ እኔው እናቷ ደጁን ዘግቼ፣ ጨርቁን ጎዝጉዤ፣ "ደህና እደሩ" ብዬ ልወጣ ነበር።

እየተንፏቀቅኩ ሄጄ የምንተስኖትን ጉልበት ያዝኩ፣ ልስመው።

ልጁ ደነገጠ። "ኧረ እማማ! ኧረ በማርያም! ነውር አያሠሩኝ..."

"ዝም በል! ሰው ሲያመሰግን አታቋርጥ።"

አነሣኝ፣ ደግፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። "በሩን እሠራልዎታለሁ" አለኝ።

"በሩ ይቆይ። ያችን ቀዳዳ አስፍተህ መስኮት አድርግልኝ።"

"እማማ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ እንጂ አናጢ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ። መብሳት ግን ትችልበታለህ።"

ያን ጊዜ ነው የሳቀው። በማግስቱ አናጢ ጓደኛውን ይዞ መጣ፤ ሁለቱ ሆነው እስከ ማታ መስኮት አወጡ። የተነሣው ጭቃዬ ደጅ ተቆልሎ ሳየው አላሳዘነኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገረው። ውድነሽ ሐሙስ ገባች። በሳምንቱ በጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለችና በዚያችው ክፍል ታረሰች፤ ከሰሉ ደጅ ይነዳል፣ መስኮቱ ክፍት፣ እኔ ደግሞ እንደ ዘብ መሐል ላይ። ነፋስ ማንንም አልመታም። ወር በገባ በሃያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የማመሰግንባቸውን ስቆጥር፣ ከባሌም ነፍስ በፊት የዚያን ጎሚስታ ስም እጠራለሁ። ባሌ ቅር አይለውም፤ የልጅ ልጁ ናት። ያችን "ደረቴ ላይ ይቀመጣል" ያለችኝን ተከራይም ፈልጌ አገኘኋት። "ሰይጣን አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። ለእኔ ይህን ማለት ጥርስ ከመነቀል ይብሳል፤ ግን አልኩት።

አሁን ወደ ዓርቡ። ችሎቱ ሞልቷል፤ ወሬው ከተማውን ዞሯል። ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ አስተማሪው ብዕሩን በሁለት እጁ ይዟል።

"ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ክስዎን ይቀጥላሉ?"

"አንስቻለሁ" አልኩ። "ግን መዝገቡ ላይ ይስፈርልኝ፤ ግድግዳዬን በስቷል፣ በሬን ሰብሯል፣ እግዚአብሔር ይስጠው።"

"ይህ እንዴት ተብሎ ይጻፋል?" አለ አስተማሪው።

"እንደተናገርኩት ነዋ! አንተ የተማርከው ለምንድን ነው?"

ችሎቱ ሳቀ። ምንተስኖት አንገቱን ደፋ፤ ፈገግታውን ግን አየሁት። ጋሽ ሰብስቤ መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣ የእኔው ምስክር ጥሩወርቅ ከጠዋት ጀምራ ደጅ መቀመጧ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አስጠሯት። ገብታ ቆመች።

"የከሳሽ ምስክር ተብለው ተቆጥረዋል፤ ክሱ ተነሥቷል። ያም ሆኖ ስለዚህ ግድግዳ የሚያውቁት ነገር ካለ ይናገሩና ይሂዱ" አሏት።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔን አየችኝ፣ ዳኞቹንም አንድ በአንድ አየቻቸው፣ እንዲህም አለች፦ "እኔስ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ጌቶቼ፤ ቀዳዳውን ሳይከሱ፣ በሩን ዘግተው ይተንፍሱ።"