ልዑሉን ተከትሎ የሄደው ሰሌዳ

አንድ ንጉሥ በግዛቱ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነበረው። ትምህርት ቤቱም አንድ አዳራሽ ብቻ ነበር። አዳራሹ ግን ረጅም ነው፤ ዐሥራ ሁለት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ይዞ በስተኋላ በበር ያልቃል። ጥቁር ሰሌዳው የንጉሡ ማኅተም ስላለበት ለክብሩ ሲባል ከመጀመሪያው ረድፍ ሃያ እርምጃ ርቆ ይቆም ነበር። ዕውቀት በቅርብ ከታየ ይናቃል ተብሎ ነው።

ትምህርት ቤቱን የሚመራው የወንበር ሹም የሚባል ትልቅ ሰው ነበር። ያወጣው ሕግ እጅግ ፍትሐዊ ነው፤ እኔ እስካሁን እንከን አላገኘሁበትም። ዓርብ ዓርብ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ይጻፋል። የመለሰ ልጅ አንድ ረድፍ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያልመለሰ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዐሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ያልመለሰ ደግሞ በሩ አጠገቡ ነው፤ ይወጣል፤ ዳግመኛ አይገባም።

የወንበር ሹሙ ነገሩን ለዓመታት መርምሮ ትልቅ ግኝት ላይ ደረሰ። ልጅ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር መልሱ ይበልጥ ይጠፋዋል። «ስንፍናው ያለው የኋላ ወንበሮች ውስጥ ነው» አለ። ወንበሮቹ ተነቅለው በወይራ እንጨት ተተኩ። ስንፍናው አልለቀቀም። ወንበሮቹ በበርበሬ ታጠኑ። ልጆቹን አስነጠሳቸው እንጂ አንድም ጥያቄ አልመለሱም። ሹሙ «ሥር የሰደደ ነው» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

እማዋይሽ የሸማኔው የይርዳው ልጅ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮት በሌለው ጓዳ ተቀምጣ እስኪመሽ ድረስ ለአባቷ የጥለት ክር ትቆጥርለታለች። ክሩን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ስለምትቆጥር አንድም አይስታትም። ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አሁን ዐሥራ አንደኛው ላይ ደርሳለች። ሰሌዳው ላይ የሚታያት ነጭ ጭጋግ ነው። ለሁሉም እንዲሁ የሚታይ ይመስላት ነበር። ሌሎቹ ጭጋጉን በአእምሯቸው ብርታት የሚፈቱት፣ እሷ ግን ያልታደለች ይመስላት ነበር።

«አባዬ፣ ሁለት ዓርብ ቀረኝ» አለችው።

«አይዞሽ፣ በርትተሽ አጥኚ።»

«ምኑን ላጥና? ጥያቄው እኮ አይገባኝም።»

«እንግዲያው መልሱን አጥኚያ!» አለ ይርዳው ጨንቆት። እሱ ፊደል አልቆጠረም። በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚፈልገው ልጁ ከዚያ በር እንዳትወጣ ነበር።

በዚያው ዓመት የንጉሡ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ልዑሉ ፀሐይ እንዳይነካው በመጋረጃ ውስጥ ያደገ፣ ደቃቅ ፊደል ያላቸውን መጻሕፍት ሲያነብ የሚውል ብርቱ ልጅ ነው። መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ዓርብ አልመለሰም። በሁለተኛውም አልመለሰም። ልዑል ሰነፍ ሊባል ስለማይችል የወንበር ሹሙ «ልዑል ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ ረድፎቹን እየጎበኙ ናቸው» ብሎ አስታወቀ። ጉብኝቱ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። ልዑሉ ዐሥረኛው ረድፍ ላይ፣ ከእማዋይሽ ፊት ሲደርስ ከቤተ መንግሥት መልእክት መጣ፤ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ መጥቼ ልጄ ፊት ተቀምጦ አያለሁ።»

ሹሙን ላብ አጠመቀው። ልዑሉን አንሥቶ ፊት ማስቀመጥ ሕግ መጣስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕግ የሚጥስ ሰው አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳውን አስነሥቶ ልዑሉ ፊት አቆመው። «ፊት ማለት ልዑል የተቀመጡበት ነው» የሚል ደንብም ጨመረበት። ዘጠኙ የፊት ረድፎች የሰሌዳውን ጀርባ ማየት ጀመሩ። ጀርባው ላይ ምስማር ነበረ። ትጉሆቹ ምስማሩን ቆጠሩ።

ዓርብ ደረሰ። ሹሙ ጥያቄ ጻፈ። ልዑሉ መለሰ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እማዋይሽ ግን ጭብጨባውን አልሰማችም። አፏን ከፍታ ቀረች። ጭጋጉ ውስጥ ለካ ፊደል ነበረ! ቁጥርም ነበረ! እጇን አወጣች። መለሰች። ሌላ ጥያቄ ተጻፈ፤ መለሰች። ሦስተኛውን ሹሙ ጽፎ ሳይጨርስ ቆማ መለሰችው። «ኧረ ቀስ!» አላት ልዑሉ ዞሮ እየሳቀ፤ «ለእኔም አስቀሪልኝ እንጂ!»

በዚያ ቀን ከፊተኞቹ ዘጠኝ ረድፎች አንድም ልጅ አልመለሰም። ሹሙ «ስንፍና ወደ ፊት ተዛምቷል» ብሎ መዘገበና ዓይኑን እማዋይሽ ላይ አሳረፈ።

«ስምንት ረድፍ ሙሉ ስትሰንፍ የኖረች ልጅ በአንድ ቀን አትነቃም» አለ። «ከልዑል ማጅራት ዕውቀት ሰርቃለች። ንጉሡ በተገኙበት ይፈረድባትና በበሩ ትወጣለች።»

ይርዳው ይህን ሰምቶ ሮጦ መጣና ሹሙ እግር ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ማጅራት ላይ ምን ተጽፎ ነው የሚሰረቀው?»

«ይህን ባለማወቅህ ነው ሸማኔ ሆነህ የቀረኸው» አለው ሹሙ።

ንጉሡ መጣ። ከንጉሡ ጋር የዓይን ሐኪሟ አስካለ መጣች፤ በዚያ ዓመት የንጉሡን የዓይን ሞራ ገፍፋ ብርሃኑን የመለሰችለት እሷ ናትና ከጎኑ አይለያትም ነበር። አገሬው ፍርዱን ለማየት በመስኮት ሁሉ ተንጠላጠለ። ንጉሡ ልጁ ፊት ተቀምጦ ካየ በኋላ ሹሙ ሰሌዳውን ወደ ቀድሞ ቦታው አስመለሰና ልጅቱን በሩ ሥር አቆማት።

«ጃንሆይ፣ ካልሰረቀች ከዚህ ሆና ታንብብ።»

እማዋይሽ አየች። ዓይኗን አጥብባ ደግማ አየች። ጭጋጉ ተመልሷል።

«ምን ተጽፏል?» አለ ንጉሡ።

«ነጭ ነገር አለ፣ ጃንሆይ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይርዳው በነጠላው ፊቱን ሸፈነ። ሹሙ በሩን ራሱ ከፈተው፤ እንዲህ ያለ ትጋት በሹም ዘንድ ሁልጊዜ አይገኝም። ያን ጊዜ ሐኪሟ ተነሣች።

«ጃንሆይ፣ ከመውጣቷ በፊት ልዑልም እዚያው ቆመው ይጠየቁልኝ።»

ልዑሉ ሄዶ ከእማዋይሽ ጎን ቆመ።

«ምን ይታይሃል ልጄ?»

ልዑሉ አንገቱን አሰገገ። «እኔ ነጩንም አላየሁት» አለ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። የሚስቅ ጥርስ ሁሉ ከንፈሩን ፈልጎ ገባ።

ሐኪሟ ወደ ሹሙ ዞረች። «እንግዲህ ጌታዬ፣ ልዑል ሰነፍ ናቸው?»

«ሎቱ ስብሐት! ማን አለ?»

«ያላዩት ግን አንድ ዓይነት ነው።»

ሹሙ ንጉሡን አየ፤ ልዑሉን አየ፤ በሩን አየ። «ሰሌዳው ነው የሰነፈው!» አለ።

ንጉሡ መሳቅም መቆጣትም አቃተው። ሐኪሟ ግን ሣጥኗን ከፍታ የመስታወት ቁርጥራጮቿን አወጣች። አንዱን ስታነሣ አንዱን ስትጥል፣ «ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?» ስትል፣ በመስኮት የተንጠለጠለው ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ አብሯት ይመርጥ ነበር። በመጨረሻ ሁለት መስታወት ሽቦ ላይ አስራ በእማዋይሽ አፍንጫ ላይ አስቀመጠች።

ልጅቱ ቀና አለች። ከዚያ ጮኸች። «ሰባት ጊዜ ስምንት ይላል!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሷ ግን ቅንድቧን ቋጠረች። «ቆይ… እኩል ይሆናል ሃምሳ አራት ይላል እንዴ?»

«እንደዚያ ይላል» አለ ሹሙ በኩራት፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሃምሳ ስድስት ነው እኮ፣ ጌታዬ።»

ንጉሡ በጣቱ ቆጠረ። ሃምሳ ስድስት ሆነበት። ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሮ «እናንተስ፣ አላያችሁትም?» አላቸው። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ተነሥቶ በአክብሮት እንዲህ አለ፦ «አይተነዋል ጃንሆይ፤ ገልብጠነዋልም። ፊት የተቀመጠ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ይርዳው በደስታ ሲያለቅስ ቆይቶ ድንገት ሌላ ጭንቀት ያዘው። «እመቤቴ፣ መነጽር ያደረገች ልጅ ነገ ማን ያገባታል?»

«ማን እንደሚያገባት አጥርታ እንድታየው ነው ያደረግሁላት» አለችው ሐኪሟ።

«ዓይኗንስ አያሰንፈውም?»

«መነጽር ዓይን አያሰንፍም። ነገር ግን ስማኝ፣ መነጽሩ ሩቁን ያሳያታል እንጂ ሕመሙን አያቆመውም። ልጅ ሲያድግ ዓይኑም ያድጋል። የእነዚህ የሁለቱ ዓይን ግን ከልክ በላይ ወደ ርዝመት እየሮጠ ነው፤ በሮጠ ቁጥር ሩቁ ይደበዝዛል። የሄደው አይመለስም፤ የሚሮጠውን ግን በእርምጃ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል።»

«በምን?» አለ ንጉሡ ከዙፋኑ ብድግ ብሎ።

«አንዷ ጓዳ ውስጥ ክር ትቆጥራለች፤ አንዱ መጋረጃ ውስጥ መጽሐፍ ይቆጥራል። አንዱ ለክብሩ፣ አንዷ ለእንጀራዋ፤ ዓይን ግን ይህን አይለይም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል በቀን ብርሃን ደጅ ይዋሉ። ከቅርብ ሥራ ቶሎ ቶሎ ቀና ይበሉ። አይቼ ለሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ ሩጫውን የሚያዘገይ የዓይን ጠብታ እሰጣለሁ። በየስድስት ወሩም እለካቸዋለሁ።»

ከዚያ ልጆቹን ሁሉ ተራ በተራ መረመረች። ዐሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከነበሩት አምስት ልጆች አራቱ ሩቅ የማይታያቸው ሆነው ተገኙ። አምስተኛው አንድ ዓይኑ ደህና ነው፤ ሌላኛው ግን ሳይሠራ የተቀመጠ ነው። «ይህ ዓይን ሰንፏል» አለች ሐኪሟ።

ሹሙ ከመቀመጫው ዘለለ። «አላልኩም! በመጨረሻ አንድ ሰነፍ ተገኘ!»

«አዎ። ስለዚህ ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እንሸፍነዋለን።»

«ጎበዙን? ሰነፉ ለሠራው ጎበዙ ይቀጣል?»

«አይቀጣም፤ ተራውን ይለቃል። ሰነፉ ዓይን ሥራ ሲሰጠው ማየት ይማራል።»

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። «በእኛ ሕግ ቢሆን ሰነፉን ወደ ኋላ እናደርገው ነበር።»

«እንደዚያ ሲደረግ ነው የሚጠፋው፣ ጌታዬ» አለችው።

ንጉሡ በሩን አዘጋው። ሹሙንም ከወንበር ሹምነት አንሥቶ የደጅ ሹም አደረገው፤ ሥራው ልጆችን በየቀኑ ወደ ሜዳ ማውጣት ሆነ። በዚህም ሥራ እጅግ ተጋ። ሜዳው ላይ ልጆቹን በዐሥራ ሁለት ረድፍ ሊያሰልፋቸው ሲል ነው ልዑሉ በሰልፉ መካከል ኳስ የለጋው።

በዚያ በፍርዱ ቀን ሐኪሟ እማዋይሽን መነጽሯን አስወልቃ ከሰሌዳው ወደ ኋላ አስኬዳት፤ ፊደሉ በጠፋባት ቦታ ላይም በኖራ መስመር አሰመረች። አምስት እርምጃ ሆነ። ዓመቱ ዞሮ የመጨረሻው ልኬት ሲደርስ አገሬው እንደገና በመስኮት ተንጠለጠለ። ልጅቱ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። «አንድ! ሁለት!» አለ ሕዝቡ። «ሦስት!» ይርዳው ነጠላውን ነከሰ። «አራት!» አሁንም ይታያታል። መስመሩ ላይ ልትደርስ አንድ ጫማ ሲቀራት ቆመች። «እዚህ ጠፋኝ» አለች።

እልልታ ሆነ። ይርዳው እያለቀሰ ሐኪሟን አቀፋት።

የደጅ ሹሙ ግራ ገባው። «ምን ያስጨፍራል? ቀንሳለች እኮ! በአንድ ጫማ ቀንሳለች!»

«ባንደርስላት በዚህ ዓመት ሁለት እርምጃ ሙሉ ታጣ ነበር፣ ጌታዬ» አለችው ሐኪሟ። «አንድ ጫማ ብቻ አጣች። የእኛ ድል እንዲህ ያለ ነው።»

ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ሊቃውንት ትምህርቱ «ሰሌዳ እግር ሊኖረው ይገባል» ነው ይላሉ። ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ አልቃወማቸውም። እኔ የገባኝ ግን ይህ ነው። ልጅ አላየሁም የሚለው ማየት ምን እንደሆነ ሲያውቅ ነው፤ አይቶ የማያውቅ ልጅ አላየሁም አይልም፤ ዝም ይላል፣ እኛም ዝምታውን ስንፍና ብለን ስም እናወጣለታለን። ወደ ኋላ በገፋነው ቁጥር የበለጠ ይጠፋዋል፤ የበለጠ በጠፋው ቁጥር እንገፋዋለን፤ ከዚያም ልክ ነበርን እንላለን። ጥፋትን ሁሉ መመለስ አይቻልም። በጊዜ የደረሰ ሰው ግን ሩጫውን ወደ እርምጃ ይለውጠዋል፤ ለአንድ ልጅ ይህ ብዙ ነው።

አንተስ፣ በቤትህ ወይም በክፍልህ ሰነፍ ብለህ ከኋላ ያስቀመጥከውን ልጅ «ምን ይታይሃል?» ብለህ ጠይቀኸው ታውቃለህ? ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው ከማውራትህ በፊት ሄደህ ጠይቀው።