ወደ እህል ጉድጓዱ የወረደው ገመድ

ደግ የሚባል አንድ ገበሬ ነበረ። የተራበ ሰው ከደጁ ባዶ እጁን አይመለስም። እህሉን የሚያኖረው እንደ አገሩ ልማድ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የታፈነው አየር እስኪወጣለት ድረስ አፉ ተከፍቶ ያድራል እንጂ ወዲያው አይገባበትም። ገብቶ የቀረ ብዙ ነው።

አንድ ቀን የራባቸው ሰዎች መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ገበሬው ጉድጓዱን ከፈተና የበራ ኩራዝ በገመድ አወረደ፤ ኩራዙ ታች ሳይደርስ ጠፋ፤ የታፈነው አየር ገና አልወጣም ማለት ነው። ሚስቱ ይደር ብላ ለመነችው። እሱ ግን «ለምጽዋት የሚወርድን ሰው እግዜር ይጠብቀዋል» አላትና ወረደ። ይኸውልዎት እትዬ ዘነቡ፣ በደግነቱ ተማመነ።

እህሉን ሳይነካ ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ገመድ ጣሉለት። ያዘና ጎተቱት፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጁ ለቀቀና ወደቀ።

«ቆዩ፣ ትንሽ ልበርታ» ይላል ከታች።

በምን ይበረታል? የሚተነፍሰው እኮ ያንኑ የሚገድለውን አየር ነው። ላይ የቆሙት ጭንቅ ያዛቸው፤ ደፍሮ የሚወርድ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤት ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። ገበሬው ድንበር ገፍቶበት የተኳረፉት ሰው ነው፤ ለካ ደጉም ገፊ ኖሯል። ታች ሲደርስ ገመዱን ከራሱ ፈታና በገበሬው ብብት ሥር አዙሮ አሰረው።

«መያዙን ተወው፤ እኔ አስሬሃለሁ» አለው።

ገበሬውን አወጡት። ገመዱ ተመልሶ ሲወርድ ግን ጎረቤቱ ራሱን የሚያስርበት አቅም አልቀረውም። እዚያው ቀረ።

ገበሬው ዕድሜውን ሙሉ የዚያን ሰው ማሳ ለልጆቹ አረሰ፤ ለተራበም መስጠቱን አልተወም። ደግነትህ አወጣህ የሚለው ሰው ሲገጥመው ግን ፊቱን ያዞር ነበር።

እንግዲህ እትዬ ዘነቡ፣ ከታመሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው «የጾምኩት፣ የሰጠሁት ይበቃኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። አይበቃም። እኔም ያስተማርኩት አይበቃኝም፤ ሳስበው እፈራለሁ። ሁላችንም ጉድጓድ ውስጥ ሆነን ነው ትንሽ ልበርታ የምንለው። እኛ ያለንበት ድረስ ወርዶ ያሰረን ክርስቶስ ነው። በእኛ ፈንታ ሞተ፤ ከዚያ ጎረቤት የሚለየው ሞት ይዞ ሊያስቀረው አለመቻሉ ነው። ስለዚህ የዛለ እጅዎን እያዩ አይጨነቁ። ቋጠሮው የእርሱ ነው።