የአያ ተገኘን ጺም ማን ላጨው

በአንድ ወቅት፣ ሐዘንተኛ ጺሙን ለቆ በሚከርምበት አገር፣ አቶ ድንበሩ የሚባሉ ጺም ላጪ ነበሩ። ሀብታቸው ከዋርካ ሥር የቆመ አንድ ወንበርና አንድ የድሮ ምላጭ ነው። ምላጩ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ የቀንድ እጀታ ያለው ነው፤ ስለቱ ግን ከጀርባው ተስቦ ይወጣና ሌላ ይገባበታል። ሁለት ስለት ነበረው፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይሳላል። በዚያ ምላጭ ያልተላጨ ሙሽራ፣ ሚዜዎቹ እንኳ እንደ ሙሽራ አይቆጥሩትም ነበር።

ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ሽባባው አፉ ማር ነው፤ የተኮራረፉ ባልና ሚስት እሱ ደጃቸው ደርሶ ሳይታረቁ አያድሩም። ትንሹ ላቀው እጀ ቀሊል ነው፤ እሱ ሲላጭ ሰው ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። መካከለኛው እንዳላማው ደግሞ ስለት የሚስለው እሱ ነው። ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ እያደረገ ሲያመላልስ፣ ከዚያም በቆዳ ጠፍር ሲያሻሽ ይውላል። ታዲያ የተላጨ ሰው አገጩን እየዳበሰ ሲነሣ «ላቀው፣ እጅህ ይባረክ» ይላል እንጂ፣ ጥግ ተቀምጦ ድንጋይ የታቀፈውን ማን ያየዋል? ላቀው «አሜን» ባለ ቁጥር እንዳላማው ስለቱን ድንጋዩ ላይ ጫን አድርጎ ይስባል። ለሰው አልተናገረም። ግን ቅናት እንደ ጉንፋን ነው፤ ቢደብቁትም ያስነጥሳል።

የአቶ ድንበሩ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጆቹን ጠሩና «ወንበርና ምላጭ ለሦስት አይከፈልም። አያ ተገኘን የላጨ ይውሰደው» አሉ።

አያ ተገኘ አንድ ወንድ ልጃቸውን ወንዝ ወስዶባቸው ጺማቸውን የለቀቁ ሽማግሌ ናቸው። ተዝካሩ ተበልቶ፣ ዓመቱ ወጥቶ እንኳ አልላጭም አሉ። አባት ሐዘን ካላወጣ በቤቱ ድግስ የለምና የሴት ልጃቸው ሠርግ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቄሱም ለመኗቸው፣ ሽማግሌም ተላከ። «ተዉኝ» ብቻ ነው መልሳቸው።

ሽባባው ሄደ። አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያወጋ ዋለና በመጨረሻ፣ «አያ፣ ልጅዎ ወንዝ ዳር ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? ‹እኔ ብሞት አባቴ ፊቱን እንዳይደብቅብኝ› ነው ያለኝ» አላቸው። ሽባባው ውሃ ስለሚፈራ ወንዝ ዳር ወርዶ አያውቅም፤ ነገሩን የፈለሰፈው መንገድ ላይ ነው። አያ ተገኘ ግን ጺማቸውን ዳበስ አደረጉና «እሱ እንዲህ ካለ ወንበሩን አዘጋጁ» አሉ።

እንዳላማው ስለቱን ይዞ ተቀመጠ። የከረመ የሐዘን ጺም ሽቦ ነው፤ ይህን ያውቃል። አንዲት ጠጉር ስትነካው ሁለት ሆና እስክትወድቅ ድረስ ሳለው። ስሎ ሲጨርስ ግን ነገ የሚሆነው ታየው፤ አገር ሁሉ «ላቀው፣ ላቀው» ሲል። የሳለውን ስለት ከእጀታው ሳበና ደረት ኪሱ ከተተው፤ በምትኩ ደነዙን አስገባ። «እስቲ እጁ ብቻውን ይላጭ» አለ በሆዱ።

በማግሥቱ አያ ተገኘ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ላቀው በመጀመሪያው ምት አወቀ። እጁ ላይ ያለው ስለት ሳይሆን መጋዝ ነው። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። «ይሄ አልተሳለም» ቢል ምን ነበረበት? ነገር ግን የተቀናበትም እልህ አለው፤ «ያላንተም እችላለሁ» አለና ሳሙናውን ደጋግሞ ቀባ፣ ቆዳውን በጣቱ ወጠር አድርጎ ስለቱን አስተኛው። ግራ ጉንጭ ተላጨ፣ ቀኝ ጉንጭ ተላጨ። አንዲት የደም ጠብታ አልታየችም።

ቆመው ከሚያዩት ሴቶች አንዷ፣ እዚያው እንዳላማው ጆሮ ሥር፣ «የኔ ባል ሲላጭ የተላጠ ድንች ነው የሚመስለው፤ የዚህን ልጅ እጅ ግን እዩልኝ» አለች። እንዳላማው ጥርሱን ነከሰ። ደም ቢፈስ ይሻለው ነበር። ለካ ያለ እሱም ይላጫል።

ጉሮሮ ላይ ሲደረስ የአያ ተገኘ ዓይን እንባ ሞላ። «ልጃቸው ትዝ ብሏቸው ነው» እያለ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እንዳላማው ግን ያውቃል፤ ስለቱ እየነጨ ነው። ሽማግሌው የልጃቸውን ቃል ላለማፍረስ ችለው ተቀምጠዋል። አቁሙ እንዳይባል ደግሞ፣ በዚያ አገር የሐዘን ጺም ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ግማሽ ፊት ይዞ የተነሣ ሐዘንተኛ ሌላ ሬሳ ይጠራል ይባላል።

እንዳላማው ከጥጉ ተነሥቶ መጣ። ሰው ሁሉ እያየው ስለቱን ከደረት ኪሱ አወጣና «ይሄን አስገባ» አለ።

«የት ነበር?» አለ ላቀው።

«እኔ ጋ።»

«ባትሰጠኝም እጨርስ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንገቱ ግን ያንተ አይደለም።»

ራርቶ ይሁን ድርሻዬ ቀረች ብሎ ሰግቶ፣ እሱ ራሱም አይለየውም። ስለቱ ተለወጠ፤ የቀረው ጺም ከጉሮሯቸው ላይ እንደ አረፋ ተነሣ።

አያ ተገኘ መስተዋት ጠየቁ። አገላብጠው ሲያዩ ቆዩና «ልጄን መሰልሁ እኮ» ብለው ሳቁ። «በሉ፣ ለሙሽራው ቤተሰብ ቀን ቁረጡ በሏቸው» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ሽማግሌው ዘወር ከማለታቸው ጠቡ ተጀመረ።

«እኔ ባላስቀምጣቸው ማንን ትላጩ ነበር?» አለ ሽባባው።

«በውሸት ነው ያስቀመጥሃቸው» አለ እንዳላማው።

«ታዲያ ጺሙ በእውነት አልወረደም?»

ላቀው «ሁለት ጉንጭ በደነዝ የላጨሁት እኔ ነኝ» አለ። አባቱ ዞረው «አውቀህ ነው በሽማግሌ አንገት እልህ የተጋባኸው?» ሲሉት የሳሙናውን አረፋ ከእጁ መጥረግ ያዘ።

«ጉሮሮውን የላጨው የኔ ስለት ነው» አለ እንዳላማው።

«የደበቅኸውም አንተ ነህ» አለ ላቀው።

«ደብቄ፣ በአገር ፊት ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አንተ ምን አወጣህ?»

አቶ ድንበሩ ምላጩን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። ሦስቱን በየተራ አዩ። ምላጩን ግን ለማንም አልሰጡም።

እንግዲህ ከመካከላችሁ በወንድሙ ቀንቶ የማያውቅ ካለ ይፍረድ፦ ወንበሩና ምላጩ ለማን ይገባል?