ሟቿ ስልክ ደወለች

ደራሲ ይትባረክ ሽብሩ በቁሜ ገደለኝ። እሑድ ጠዋት በራዲዮ ስለ መጽሐፉ ረጅም ጨዋታ ይዞ፣ ጠያቂዋ «ተረት ማን አስተማረህ?» ብትለው፣ «ጎረቤታችን እማማ የሻሽወርቅ፤ ነፍሳቸውን ይማር» ብሎ አለቀሰ አሉ።

እኔ ቅዳሴ ነበርኩ። ስመለስ የእድራችን ድንኳን ደጄ ላይ ተተክሏል። ጎረቤት የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና «ማንን አጣን?» አልኩ።

«እርስዎን» አለኝ የእድሩ ዳኛ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ቆሜ እያየኝ እንኳ ድንኳኑን ለመንቀል አመነታ። «እማማ፣ ራዲዮ እኮ ነው የተናገረው!» ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ይትባረክ ራሱ ጥቁር ለብሶ ሊያስተዛዝን መጣ። ሲያየኝ ጎትቶ ጓዳ አስገባኝ።

«ምነው፣ ተረቴን ወሰድክ፣ ይሁን። ነፍሴስ ምን አደረገችህ?» አልኩት።

«በሕይወት አሉ ብል ማን ያለቅስልኝ ነበር? አገሩ ሁሉ መጽሐፌን እየፈለገ ያለው በእርስዎ ሞት ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ በቀጥታ ስርጭት የአድማጭ ጥያቄ እመልሳለሁ። በሞቴ እማማ፣ መጽሐፉ እስኪያልቅ ዝም ብለው ይሙቱልኝ!»

«እሺ ልጄ፣ ሞቻለሁ» አልኩት። ጉልበቴን ስሞ፣ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ራዲዮ ጣቢያው ደወልኩ። ጠያቂዋ «ማን ልበል?» አለችኝ።

«ሟቿ ነኝ» አልኳት። «ነፍሳቸውን ይማር ስላለኝ ላመሰግነው ነው። እኔን እግዜር ምሮኛል። የእሱን ስም ሳነሳበት ግን ፊቱን አዞረብኝ።»