የተካልኝ የቃል ፈተና

አንዲት ወጣት እናት ሒሳብ አያያዝና የሰው ኃይል አስተዳደር ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ልጇን የሚይዝላት ሰው ስላጣች አዝላው ትማር ነበር። መምህሩ ዶክተር ግዛቸው ግን ጥብቅ ሰው ነበሩና፣ «ስሙ አቴንዳንስ ወረቀት ላይ የሌለ ክፍሌ አይገባም!» አሏት። ምን ታድርግ፣ ወረቀቱ ላይ የልጇን ስም «ተካልኝ» ብላ ጻፈችና የልጁን አውራ ጣት ቀለም አስነክታ አስፈረመችው። ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር ፈረመ።

ፈተና ሲደርስ ዶክተሩ የአቴንዳንሱ ወረቀት ላይ የሕፃኑን የጣት አሻራ አይተው በገኑ። «ይኼ ተካልኝ የተባለው ተማሪ አሁኑኑ በቃል ይፈተን! ካልመለሰ ሁለታችሁም ትባረራላችሁ!» አሉ።

እናትየው ልጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሩም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አቶ ተካልኝ፣ ሰው ማስተዳደር ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት።

ተካልኝ እሪ ብሎ አለቀሰ። እናቱ ዘላ ጡት አጎረሰችው፤ ተማሪው ሁሉ «እሹሩሩ» አለ፤ ዶክተሩም ሳይታወቃቸው የቢሯቸውን ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ያባብሉት ጀመር። ልጁ ዝም ሲል፣ «ታዲያ መልሱ የታለ?» አሏት።

«ውይ ዶክተር፣ መለሰልዎ እኮ! አንዴ ቢጮህ እኔ ጡት ሰጠሁ፣ ክፍሉ በሙሉ ዘፈነ፣ እርስዎም ቁልፍ አንቀጫቀጩለት። ከዚህ የበለጠ ሰው ማስተዳደር ካለ እስቲ እርስዎ ያስተምሩት።»

ዶክተሩም ሳቅ አምልጧቸው፣ ማባረሩን ትተው የእሷንም የተካልኝንም የፈተና ወረቀት ሰጧት።