የመጨረሻዋ ማደንዘዣ

በአንድ ወቅት፣ ማርስ ደርሶ መመለስ እንደ ሩቅ አገር ንግድ በተለመደበት ዘመን፣ አራት መንገደኞች በአንዲት መንኮራኩር ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ምድርን ለመርገጥ ገና አራት ወር ይቀራቸዋል። ወሬያቸው ሁሉ አልቋል። ከአራቱም ይበልጥ የደከማት ሐኪማቸው ትርንጎ ናት።

ድካሟ ከጥርስ ይጀምራል። እዚያ ላይ መታጠቢያ ሳህን የለም፤ የተተፋ አረፋ እየተንሳፈፈ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥርሱን የፋቀ ሁሉ አረፋውን ወይ ፎጣ ላይ ይተፋል ወይ ይውጠዋል። ትርንጎም በየጠዋቱ «እስቲ አፋችሁን ክፈቱ» እያለች ሦስት ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን መመርመር ሰልችቷታል።

ጥፋቱ የመጣው በእንቁጣጣሽ ነው። አለቃቸው ጋሽ መርዕድ ለበዓል ብለው ሻንጣቸው ሥር የደበቁትን የገብስ ቆሎ አወጡ። ደረቅ ነገር ክልክል መሆኑን ትርንጎ ታውቃለች። ግን ታላቅ ሰው በዓመት በዓል እጁን ሲዘረጋ ማን እምቢ ይላል? እሷም ዘግና በላች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው፤ ቆሎው በቅጡ ስላልተለቀመ ጠጠር ነበረበት።

ጠጠሩ መጀመሪያ ያገኘው ሌንሳን ነው። ሌንሳ መንኮራኩሯን የምትነዳ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥርሷን ሳትፍቅ ያልዋለች ሴት ናት። ሁለት ጥርሶቿ ጎን ለጎን ተሰነጠቁ፤ አንደኛው ወዲያው መነቀል ነበረበት። በመድኃኒት ሣጥኑ የቀረው የማደንዘዣ መርፌ ግን አንድ ብቻ ነበር። «ለባሰ ቀን ይቀመጥ» ብላ ፎጣ ነክሳ አስነቀለችው። የዚያን ዕለት ጩኸቷ ከትርንጎ ጆሮ እስከ ዛሬ አልወጣም። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጥርስ መግል ቋጠረ።

ኦባንግ መካኒካቸው ነው። የውሃ ማጣሪያው በተበላሸ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ከማሽኑ ሥር አልወጣም፤ ጥርሱን ሳይፍቅ ባለበት እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ትርንጎ የአፉን ነገር እያየች ዝም አለችው፤ የሚጠጡት ውሃ ከእሱ እጅ ነው። በዚያው ጥርሱ ተቦረቦረ። ትናንት ውጭ ያለው የማቀዝቀዣ ቱቦ ማንጠብጠብ ሲጀምር የጠፈር ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ተነሣ። በልብሱ ውስጥ አየሩ ሲሳሳ ግን ጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ የታመቀው አየር ራሱን ሊፈነቅለው ደረሰ፤ በሩ ሳይከፈት ተመለሰ።

«ያለ ማደንዘዣ በሥቃይ ከነቀልሽልኝ እጄ ለቀናት አይታዘዘኝም» አላት። «ቱቦው ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ላይቆይም ይችላል፤ ከፈነዳ አራታችንም አንተርፍም።»

ጋሽ መርዕድ ደግሞ፣ ያው ጠጠር የጥርሳቸውን ሙሌት ቢያነሣባቸው፣ አፍረው ደበቁት። ጥርስ ባዳ ነው እንደሚባለው በየጠዋቱ ፈገግ እያሉ ደህናውን ወገን ያሳዩዋት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አገጫቸው አበጠ። ዛሬ ጠዋት በጉጠት ራሳቸው ሊነቅሉት ሲታገሉ ሕመሙ ጥሏቸው፣ ልባቸው እየዘለለ ሲመታ ትርንጎ አገኘቻቸው። ያ ሕመም ቢደገም ልባቸው መቻሉን እርግጠኛ አይደለችም።

«ማደንዘዣዋን ከልጆቹ ለአንዳቸው ስጪ» አሉ ሌንሳንና ኦባንግን እያሳዩ። «ቆሎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ በዚህ ንግግራቸው ተናደደች። ደግነታቸው ሸክሙን አላቀለላትም፤ ጨመረባት እንጂ።

ይህን ጊዜ ሌንሳ ሣጥኑን ከፍታ ማደንዘዣዋን በጭብጧ ያዘቻት።

«እኔ ያን ቀን ባልችለው ኖሮ ይህቺ ዛሬ የለችም» አለች። «ሁለተኛ ግን አልችልም፣ ትርንጎ። አልችልም።»

ይህን ብላ ከትርንጎ መዳፍ ላይ አኖረቻት።

ሦስቱም ጥርሶች ዛሬ መነቀል አለባቸው። ማደንዘዣዋ ለሁለት አትከፈልም፤ ግማሿ ማንንም አታደነዝዝም። ትርንጎ ከሦስቱ አንዳቸውንም ልታስጮህ አትፈልግም፣ ሁለቱን ግን ማስጮኋ አይቀርም። አንዷ ለሁሉም ብላ አንድ ጊዜ ተሠቃይታለች፤ አንዱ የአራቱን ነፍስ በእጁ ይዟል፤ አንዱ ጥፋተኛ ነው፣ የሚሞትም ምናልባት እሱ ነው። ሦስቱ አፋቸውን ይዘው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ማደንዘዣዋ የምትገባው ለማን ነው?