ጠዋት ያለቀ ጉልበት

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ይሂድ። «ቀጥል» በሉኝ። እንዲህ ነው እንጂ! አንተ ይታገሱ የምትባለው ጎረምሳም፣ ያንን በወተት ጣሳ ስሚንቶ ሞልተህ የሠራኸውን ብረት አስቀምጥና ተቀመጥ። ጠዋት ተራራውን ስትሮጥ አየሁህ፤ ይኸው አሁን ደግሞ ብረት ትገፋለህ። ነገ ውድድር አለብኝ ያልከኝም አንተው ነህ። የዛሬው ተረት ላንተ ነው፤ ሌሎቻችሁ በእሱ ምክንያት ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይና መንገድ አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ አምባ ግርጌ እንስሳት በአንድነት ይኖሩ ነበር። ከወንዙ ወዲህ እነሱ፣ ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦና ዘመዶቹ። ክረምቱን ወንዙ ስለሚሞላ ጅቦቹ መሻገር አይችሉም። መስከረም ጠብቶ ወንዙ የጎደለ ቀን ግን ይሻገራሉ። ስለዚህ በዚያች ቀን እንስሳቱ ሁሉ ወደ አምባው አናት ይወጣሉ። «ለምን ቀደም ብለው አይወጡም?» ትሉኝ ይሆናል። አምባው ላይ ያለው ሣር ለበጋው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ቀድሞ የወጣ የበጋውን መኖ ይጨርሳል። ሕጋቸውም «ዝንጀሮ ሳይጮህ ማንም የአምባውን በር አይለፍ» የሚል ነበር። ዝንጀሮ ገደሉ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ይጠብቃል።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ሰኔ ሲገባ ዕጣ ይጣላል፤ ጠንካራው ሁሉ፣ መሄድ ያቃተውን አንድ ደካማ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣል። ለበሬው ዕውሯ ፍየል ደረሰችው። ለፈረሱ አንካሳው ጥጃ ደረሰው። ቡላ ለሚባለው አህያ ደግሞ እመት በጊት ደረሰችው።

እመት በጊት አሮጊት ናት። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ሆዷ ግን አልከዳትም፤ ከባድ ናት። ቡላ ውርንጭላ ሳለ እናቱ ስትሞትበት ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው እሷ ነች። ዕጣው ሲወጣ ቡላ በደስታ አናፋ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ በእኔ ጀርባ ነው የምትወጪው!» አላት።

«ጎሽ ልጄ» አለችው። «ዳገቱ ግን ሦስት ጠመዝማዛ አለው፤ ጀርባም ትንፋሽም ይፈልጋል። ሦስት ወር አለህ፤ ተዘጋጅ።»

ቡላ መጀመሪያ የሄደው ወደ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ከአንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ እርከን ላይ የተጣለ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ነበር።

«አያ ድንጋይ፣ ጀርባዬን አጠንክርልኝ።»

«እሺ» አለ ድንጋዩ። «ግን ከእኔ ጋር ብቻ ሁን። ያንን ወደ አምባው የሚወጣ ቀጭን መንገድ አትጠጋ፤ ሥጋህን ይጨርሰዋል።»

ሰኔን በሙሉ ቡላ ድንጋዩን በጀርባው ይዞ ተንበረከከ፣ ተነሳ፤ ተንበረከከ፣ ተነሳ። ጀርባው ሰፋ፣ ጭኑ ወፈረ። ወሩ ሲያልቅ እመት በጊትን ተሸክሞ ዳገቱን ሞከረ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ልቡ ከደረቱ ውስጥ ጮኸ፤ «ኧረ እኔን ማን አሠለጠነኝ? ታፈንኩ!» ቡላ ምላሱን አውጥቶ ቆመ። ተመለሱ።

ቀጥሎ ወደ መንገዱ ሄደ።

«አያ መንገድ፣ ትንፋሼን አርዝምልኝ።»

«እሺ» አለ መንገዱ። «ግን ከእኔ ጋር ብቻ ሁን። ያ ዱልዱም ድንጋይ ከማክበድ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

ሐምሌን በሙሉ ቡላ ጭቃውን እየረገጠ ሮጠ። ወጣ፣ ወረደ፤ ወጣ፣ ወረደ። ትንፋሹ ረዘመ፣ ልቡ ረጋ፣ ጎኑ ግን ከሳ። ወሩ ሲያልቅ እመት በጊት ጀርባው ላይ ወጣች። ልቡ «እችላለሁ» አለ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ጀርባው «እኔ አልችልም» ብሎ ጎበጠ። ተመለሱ።

ቡላ አለቀሰ። «እማዬ፣ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል» አላት።

«ማን አንዱን ምረጥ አለህ?» አለችው እመት በጊት። «ሁለቱም ያስፈልጉሃል፤ ያላወቅከው መቼ መቼ እንደሆነ ነው። ዛሬ ድንጋዩን አንሳ፤ ነገ መንገዱን ሩጥ፤ ከነገ ወዲያ ዋርካው ጥላ ሥር ተኛ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ግድ ከሆነብህ፣ የበለጠ የሚያስፈልግህን በትኩስ ጉልበትህ አስቀድም። ዋናው ቀን ሲቃረብ ደግሞ ሁለቱንም ተዋቸው።»

ቡላ እሺ አለ፤ እንዳለችውም አደረገ። አንድ ቀን ድንጋይ፣ አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ጥላ። የዋርካው ጥላም «እኔ ምንም አላስተምርህም፤ እነዚያ ያስተማሩህን ሥጋህ ውስጥ የማስገባልህ ግን እኔ ነኝ» ይለው ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ቡላ እመት በጊትን ተሸክሞ ሦስቱንም ጠመዝማዛ አልፎ እስከ አምባው በር ደረሰ። አላበው፣ ግን ደረሰ። እሷም ጀርባው ላይ ሆና እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

ወይኔ፣ ተረቴን እዚህ ላይ ባቆመው ምንኛ በወደድኩ! ግን የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

ድንጋዩና መንገዱ ቡላን ለጥላ ማካፈላቸው አንገበገባቸው። ድንጋዩ «ከእኔ የራቅክባት ቀን የገነባሁልህ ይፈርሳል» አለው። መንገዱ «ከእኔ የራቅክባት ቀን ትንፋሽህ ያጥራል» አለው። ወንዙም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድል ጀመር። ቡላ ፈራ። ፍርሃት ደግሞ ምክር አይሰማም።

«ጅቡ እማዬን ሊበላ ጥርሱን እየሳለ እኔ ጥላ ሥር ልተኛ?» አለና ጥላውን ተወ። ጠዋት ይሮጣል፤ ከሩጫው ሲመለስ ድንጋዩን ያነሳል፤ ወደ ማታ ደግሞ እንደገና ይሮጣል። ዛሬም እንዲያ፣ ነገም እንዲያ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱስ ለመልቀምም ጊዜ አላገኘ።

«ልጄ፣ ዓይንህ ጎደጎደ» አለችው እመት በጊት።

«ለአንቺ ብዬ ነው እማዬ።»

«ጥላው እየጠራህ ነው።»

«አምባው ላይ ካወጣሁሽ በኋላ እተኛለሁ።»

መስከረም ጠባ። አንድ ማለዳ ቡላ ወንዙ ዳር ወርዶ ሲያይ፣ ከውሃው በታች የነበሩት ድንጋዮች ብቅ ብቅ ብለዋል። ደነገጠ። «ዛሬ ወይም ነገ ነው፤ እችል እንደሆነ አንድ ጊዜ ልሞክር» አለ። እስከ አምባው በር ሮጦ ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ ድንጋዩን አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳ። «ችያለሁ!» አለ። እግሮቹ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝንጀሮው ጮኸ።

«ጎደለ! ወንዙ ጎደለ! አያ ጅቦ ተነሳ!»

በሬው ፍየሏን ይዞ ወጣ። ፈረሱ ጥጃውን ይዞ ወጣ። ቡላ እመት በጊትን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፉ። ሁለተኛውን እንደምንም አለፉ። ሦስተኛው ላይ ቡላ ቆመ።

ልቡ «እኔ አለሁ» አለ። ጀርባው «እኔም አለሁ» አለ። እግሮቹ ግን «እኛ ጠዋት አልቀናል» አሉ።

ከታች የጅቦቹ ሳቅ ተሰማ።

«ጠዋት ሮጥክ እንዴ ልጄ?» አለችው እመት በጊት።

«ሮጥኩ።»

«ድንጋዩንስ?»

«አነሳሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ» አለ ቡላ፤ እንባውም ወረደ። ድንጋዩ ከእሷ ይከብድ ነበር።

እመት በጊት አልተቆጣችም። አንዳንዴ ቢቆጡን ይሻለናል። «ለእኔ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ» አለችና ከጀርባው ላይ ተንሸራታ ወረደች።

«እማዬ፣ አይሆንም! ትንሽ ልረፍና እሸከምሻለሁ!»

«የማረፊያው ጊዜ አልፏል። ሁለት ከሚጠፋ አንድ ይጥፋ። ሂድ! ሂድ ስልህ!» ብላ በግንባሯ ገፋችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች።

ቡላ ባዶ ጀርባውን ይዞ እየተጎተተ አምባው ላይ ወጣ። ከኋላው አንድ ጊዜ ጮኸች። ሁለተኛ አልጮኸችም።

በማግስቱ እንስሳቱ ለሐዘን ተቀመጡ። ድንጋዩ ከታች ሆኖ «እኔ ጀርባ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ላከ። መንገዱም «እኔ ትንፋሽ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ላከ። ሁለቱም አልዋሹም። ጥላው ምንም አልላከም። ቡላም «በማንም አታሳብቡ፤ እማዬ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት» አለ።

ዓመት አለፈና ሰኔ ገባ። ዕጣው ሲጣል ለቡላ የደረሰችው የእመት በጊት ታናሽ እህት ሆነች። እሷም ያረጀች፣ እሷም የከበደች።

«እህቴን መንገድ ላይ ያስቀረ ነው እኔን የሚያወጣኝ?» አለች። ቡላ አንገቱን ደፍቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

ያን ክረምት አንድ ቀን ድንጋይ፣ አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ጥላ አደረገ። ፍርሃቱ ሲመጣበት ዋርካው ሥር ተኝቶ ያለቅሳል፤ ግን አይነሳም። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲሸሽ ድንጋዩ ጠራው፤ አልሄደም። መንገዱ ጠራው፤ አልሄደም። ዝንጀሮው የጮኸ ቀን አሮጊቷን ተሸክሞ አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን ጠመዝማዛ ሳይቆም አለፈ።

አምባው ላይ እልልታ ሆነ። «ቡላ፣ ዘንድሮ እንዴት ጠነከርክ! ይህን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣኸው?» ብለው ከበቡት።

«ከየትም አላመጣሁትም» አለ ቡላ። «አምናም ነበረኝ።»



ተረቴን እዚህ አራገፍኩ፤ የሚከብደው ያሳርፈው፣ የሚጠቅመው ይሸከመው። ጉልበት በሥራ ይዘራል፣ በእረፍት ይበቅላል፤ ቡቃያውን ያጨደ ግን በመከር ቀን ባዶ እጁን ይቆማል።